ቦል ፓይተን እባብ ስንት ያወጣል? ደሴ ላይስ ይኖራል?

ጦሳ_ሥር (ደሴ)፦

ሰላም ጀማው። ኦሃዮ ያለችውን እህቴን ልጇ ለ12 ዓመት ልደቱ እባብ ካልተገዛልኝ ብሎ ወጥሮ ይዟታል። ዓይነቱ ቦል ፓይተን ይባላል። ኢንተርኔት ላይ ዋጋውን ሳይ አንዱ 50 ዶላር፣ አንዱ 400፣ አንዱ 3,000 ይላል፤ ፎቶዎቹን ሳስተያይ ደግሞ ከቀለም በቀር ልዩነት አላገኘሁባቸውም። ሰዉ በትክክል የሚከፍለው ስንት ነው? ይህን ያህል የሚያራርቀውስ ምንድን ነው? ሌላው፣ በሚቀጥለው ዓመት ጠቅልለው ሊገቡ ነውና ልጁ «ያለ እባቤ አልሄድም» ቢል ደሴ ላይ ሆጤ ሰፈር ቤት ውስጥ ማኖር ይቻላል ወይ? የሚያውቅ ብቻ ይመልስ። «በዱላ ነው እንጂ» የሚለውን ምክር እናቴ ቀድማ ሰጥታኛለች።

ወሎዬ_ቨርጂኒያ፦

አብሽር፣ እንስሳው ራሱ ውድ አይደለም። ተራው፣ ማለትም በዱር ያለውን ቡኒና ጥቁር መልኩን የያዘው፣ ከአርቢ እጅ ከ40 እስከ 80 ዶላር ይገዛል። ትልልቆቹ የቤት እንስሳት መደብሮች ያንኑ እባብ ከፍ አድርገው ይሸጡታል፤ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ወላጆቹና ምን እየበላ እንዳደገ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩት ነገር የላቸውም። አርቢው ከሌላ ግዛት ከላከው፣ በአንድ ሌሊት የሚያደርሰው ማጓጓዣ ከ45 እስከ 75 ዶላር ያስከፍላል፤ የ50 ዶላሩ እባብ በር ላይ ሲደርስ ከ100 በላይ ሆነ ማለት ነው። የተሳቢ እንስሳት ኤክስፖ በአቅራቢያቸው ካለ ሄደው በዓይናቸው አይተው ቢገዙ ማጓጓዣው ይቀርላቸዋል።

በቀለም የተመረጡት ሞርፍ ይባላሉ። በግምት ፓስቴል ከ50 እስከ 100፣ ባናና ከ75 እስከ 150፣ አልቢኖ ከ100 እስከ 250፣ ነጭና ቡኒ ቡራቡሬ የሆነው ፓይቦልድ ከ200 እስከ 500 ዶላር ነው። አንድ እባብ ላይ ሦስትና አራት ሞርፍ የተደራረበበት ነው ሺህ ቤት የሚገባው። ሴት ከወንድ ትበልጣለች፤ ለማርባት ትፈለጋለችና። ለልጅ የሚገዛ ሰው ግን ወንዱን ይውሰድ፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል፣ ቁመቱም ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ላይ ይቆማል። ሴቷ እስከ 150 ሴንቲ ትሄዳለች።

ገንዘቡን የሚበላው ቤቱ ነው። 120 በ60 በ60 ሴንቲ የሆነ ዝግ ሳጥን ከ250 እስከ 400 ዶላር፣ ቴርሞስታት ከ40 እስከ 120፣ ማሞቂያ ከ20 እስከ 40፣ ሁለት መደበቂያ ከ20 እስከ 30፣ የውሃ ሳህን ከ10 እስከ 15፣ የኮኮናት ልጥ መነጠፊያ ከ20 እስከ 25፣ ዲጂታል የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ከ15 እስከ 25፣ ሚዛን ከ12 እስከ 20። ስትደምረው ከ387 እስከ 675 ዶላር ነው፣ እባቡ ገና ሳይገባ።

መደብሩ «ሙሉ ዕቃ» ብሎ አንድ ላይ አሽጎ የሚሸጠውን አትግዙ በላት። ውስጡ ትንሽ የመስታወት ሳጥን፣ የወንፊት ክዳን፣ ቴርሞስታት የሌለው የማሞቂያ ምንጣፍና በሙጫ የሚለጠፍ ባለ ቀስት መለኪያ ነው ያለው። ምንጣፉ ተቆጣጣሪ ከሌለው 40 ዲግሪ ያልፋል፤ እባብ ከሥሩ የሚመጣን ሙቀት በጊዜ ስለማይሸሽ ሆዱ ይቃጠላል። ወንፊቱ እርጥበቱን ያወጣዋል፤ ያኔ ቆዳው ሳይለቅ ተቆራርጦ ይቀራል፣ የዓይኑ ሽፋንም አብሮ ይቀራል። ባለ ቀስቱ መለኪያ ደግሞ የሚያነበው የመስታወቱን ሙቀት እንጂ እባቡ የተኛበትን አይደለም። ያን የገዛ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ሁሉንም ጥሎ እንደገና ይገዛል።

ቀለቡ ቀላል ነው። የተገደለና በረዶ የሆነ ትንሽ አይጥ ከ1 እስከ 3 ዶላር ነው። ጫጩቱ እባብ በሳምንት አንዴ የክብደቱን ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚመዝን ይበላል፤ ትልቁ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል። በዓመት 100 ዶላር አካባቢ ነው። ማቅለጡ ፍሪጅ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ፣ ከዚያ በላስቲክ አድርጎ በሞቀ ውሃ እስከ 38 ዲግሪ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ከገባ ውስጡ ይበስልና ይፈነዳል፤ ያንን ኩሽና ማጽዳት ደግሞ ለእህትህ አይመከርም።

ኩታበር፦

ለምን ዶላር ይወጣል? ዘንዶ እኮ እዚሁ ቆላ ወርዶ ወንዝ ዳር በነፃ ይገኛል። ፓይተን ማለት ዘንዶ ነው አይደል?

የቦርከና_የእንስሳት_ሐኪም (ኮምቦልቻ)፦

ኩታበር፣ ቤተሰቡ አንድ ነው፤ እንስሳው ግን ሌላ። የእኛ ቆላ ዘንዶ የአፍሪካ ሮክ ፓይተን ነው፤ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፣ ፍየል ይውጣል፣ ሲያዝ ይነክሳል። ቦል ፓይተን ኢትዮጵያ ውስጥ በተፈጥሮ የለም። አገሩ ከሴኔጋል ጀምሮ በጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒንና ናይጄሪያ አድርጎ እስከ ኡጋንዳ ነው። ቀን ቀን በአይጥ ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲፈራ ራሱን መሃል ቀብሮ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፣ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ቤኒን ውስጥ ዊዳ ከተማ እንዲያውም የእባብ ቤተ አምልኮ አለው፤ ማንም አይጎዳውም። አሜሪካ ሁለቱን ለይታ ነው የምታየው፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የእኛን ዘንዶ ጎጂ ከሚባሉት ዝርዝር አስገብታ ወደ አገሯ እንዳይገባ ስትከለክል፣ ቦል ፓይተን አልተካተተም። ሃዋይ ብቻ እባብ የተባለን ሁሉ ለቤት እንስሳነት ትከለክላለች።

ከዱር ዘንዶ ይዞ ቤት ማስገባት ደግሞ ወንጀል ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል። ነፃ አይደለም።

ወደ ጠያቂው ስመጣ፦ ቦል ፓይተን በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሳይተስ 2ኛ አባሪ ላይ ነው፤ ማለትም ድንበር የሚሻገረው በፈቃድ ነው። ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ስለዚህ በሻንጣ አይመጣም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ አዲስ አበባ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን በጽሑፍ ጠይቁ። እሺ ካለ ብቻ በአሜሪካ በኩል የሳይተስ መውጫ ፈቃድ ይጠየቃል፤ እሱ ሁለት ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። ለዚያ ፈቃድ እባቡ በእጅ የተረባ መሆኑን የሚያሳይ የአርቢው ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ ሲገዙ ያልተቀበሉት ወረቀት በኋላ አይገኝም። ከዚያ የእንስሳት ጤና የምስክር ወረቀትና የግብርናው የማስገቢያ ፈቃድ። አየር መንገዱ በጭነት ክፍል ይቀበል እንደሆነ ደግሞ ትኬት ሳይቆረጥ መጠየቅ አለበት። መጀመሪያው ላይ አይቻልም ከተባለ ክርክር የለውም፤ እባቡ እዚያው ለሚያውቀው ሰው ይሰጥ። እንስሳው በእጅ ሲያዝ ከ20 እስከ 30 ዓመት ይኖራል፤ ልጁ 12 ከሆነ፣ ራሱ ልጅ ወልዶም እባቡ አለ ማለት ነው። አሜሪካ ሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የነበረች አንዲት ቦል ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2020 ከ60 ዓመት በላይ ሆኗት፣ ያለ ወንድ እንቁላል ጥላለች።

ሲገዙ የሚታይ ነገር፦ አፉ ዙሪያ አረፋ ወይም ሲተነፍስ ፉጨት ካለ የሳንባ ሕመም ነው፣ ይለፉት። ከአገጩ ሥር ባለው ስንጥቅና በዓይኑ ዙሪያ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ነጥብ ካለ ቅንቅን ነው፤ የውሃው ሳህን ሥር ሰምጦም ይታያል። የጀርባ አጥንቱ እንደ ቤት ጣሪያ ሾሎ ከወጣ ከስቷል። በ20 እና በ30 ዶላር የሚቀርቡት አብዛኞቹ ከጋናና ከቶጎ እንቁላላቸው ወይም እርጉዝ እናታቸው ከዱር ተወስዳ የተፈለፈሉ ናቸው፤ መዥገርና የአንጀት ትል ይዘው ይመጣሉ፣ ለመብላትም ያስቸግራሉ። የተቆጠበችው 30 ዶላር አንድ የሐኪም ቀጠሮ አትሸፍንም።

ቆጣሪ_ገጣሚ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦

የወረቀቱ ነገር ተሳካ እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ብርዱ ነው።

ይህ እባብ በአንዱ ጫፍ ከ31 እስከ 33፣ በሌላው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ሌሊትም ከ24 መውረድ የለበትም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ቤት ውስጥ 14 ዲግሪ ብንይዝ አላጋነንንም። 120 በ60 በ60 ሳጥን በ18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ተሠርቶ ፊቱ መስታወት ከሆነ፣ በየአንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት ወደ 11 ዋት ያፈሳል። ውስጡ በአማካይ 27 ይሁን ካልን ልዩነቱ 13 ነው፤ ወደ 143 ዋት ሳይቋረጥ። በወር 103 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ከመስታወቱ በቀር አምስቱን ጎን ከውጭ በ5 ሴንቲ ነጭ ፎም (ቴሌቪዥን ተጠቅልሎ የሚመጣበት ዓይነት) ብትለብሰው ኪሳራው በዲግሪ ወደ 5 ዋት ይወርዳል፤ 65 ዋት፣ በወር 47 ኪሎዋት ሰዓት። ታሪፉ በእርከን ስለሚጨምር ይህ ልዩነት የቤቱን ፍጆታ ሁሉ ወደሚቀጥለው እርከን ሊገፋው ይችላል። ያው ሳጥን በፎሙ ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ላይ ኮምቦልቻ ቢቀመጥ፣ ቤቱ 20 ዲግሪ ከሆነ 35 ዋት ይበቃዋል። ዘመድ ኮምቦልቻ ካላችሁ እባቡን ለእሱ ስጡ ማለቴ አይደለም፤ ሒሳቡ ግን እንዲያ ይላል።

ከአሜሪካ የሚመጣውን ማሞቂያ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። 100 ዋት የሚል የሴራሚክ ማሞቂያ የእኛ 220 ሲገባበት ከ330 ዋት በላይ ይስባል፤ ወይ ይነዳል፣ ወይ ሳጥኑን ያነደዋል። ቴርሞስታቱ ደግሞ ያን ያህል እንኳ አይቆይም። ትራንስፎርመር ገዝቶ ማውረድ ይቻላል፣ ግን ሌላ የሚሞቅና የሚጮህ ዕቃ ቤት ውስጥ ማስገባት ነው። ይልቅ የጫጩት ማስፈልፈያ ላይ የሚገጠመውን ባለ 220 ቮልት ዲጂታል ቴርሞስታት ተጠቀሙ። 32 ላይ እንዲያጠፋ፣ 31 ላይ እንዲያበራ ይሞላል። ሴንሰሩን በሞቃቱ ጫፍ መደበቂያው ሥር፣ እባቡ ሊጎትተው በማይችልበት ቦታ በሽቦ እሰሩት። በፕላስተር የተለጠፈ እርጥበቱ ያላቅቀዋል፤ ሴንሰሩ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ከወደቀ ማሞቂያው ሳያጠፋ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ጠዋት የተቀቀለ እባብ ታገኛላችሁ። ማሞቂያው ላይ የሽቦ ቅርጫት ይግጠም፤ ይጠቀለልበታልና። ለጫጩት የሚሰቀለው ባለ 250 ዋት ቀይ አምፖል ለዚህ ሳጥን በጣም ይበዛል።

መብራት ሲጠፋስ? ፎም የሌለው ሳጥን በ4 ሰዓት ውስጥ ወደ 16 ዲግሪ ይወርዳል፤ ፎም ያለው 19 አካባቢ ይደርሳል። ለአንድ ሌሊት አይሞትም፤ በተደጋጋሚ ሲሆንና ሆዱ ውስጥ ምግብ ካለ ግን ሳይፈጨው ይተፋዋል፣ ሳንባውም ይታመማል። መፍትሔው 2 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ሞልቶ በፎጣ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ባለ ፎሙን ሳጥን ለአንድ ሰዓት ያህል ይይዘዋል፣ ሁለት ከሆነ ለሁለት። ሃይላንድ አትጠቀሙ፤ የውሃው ሙቀት ትንሽ ከበዛበት ይኮማተርና ያፈሳል። ከሰል አቀጣጥሎ ክፍሉን ማሞቅ ግን አይታሰብ፤ ጭሱ የሌለው ከሰልም ቢሆን ሰውንም እባቡንም ይገድላል።

ጦሳ_ሥር፦

ወላሂ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። ኮምፔንሳቶውና ፎሙ አያስፈራኝም። ሁለት ነገር ቀረኝ። እህቴ አንድ ሻጭ «66 በመቶ ሄት አልቢኖ» ያለው ተራ የሚመስል እባብ በ120 ዶላር አቅርቦላታል፤ ያዋጣል? ልጁ ደግሞ «አድጎ አረባዋለሁ፣ ወጪውን ይመልሳል» ይላል።

ዘር_ቆጣሪ፦

አያዋጣም። ሄት ማለት ዘረመሉን ደብቆ የተሸከመ ማለት ነው። አልቢኖ እንዲታይ ከእናትም ከአባትም መምጣት አለበት። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ከአራት ልጆች በአማካይ አንዱ አልቢኖ፣ ሁለቱ ተሸካሚ፣ አንዱ ንጹሕ ይሆናል። አልቢኖውን ስታወጣ ሦስት ተራ መልክ ያላቸው ይቀራሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ተሸካሚዎች ናቸው፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን በዓይን አይለይም። 66 በመቶ የሚባለው ይህ ነው። እህትህ የምትገዛው ዕጣ ነው እንጂ አልቢኖ አይደለም፤ ለማርባት ለማያስብ ሰው ደግሞ ያ እባብ የ50 ዶላር ተራ እባብ ነው። ለአንዳንድ ሞርፎች ከተገፈፈ ቆዳ የዘረመል ምርመራ ስላለ፣ ሻጩ እርግጠኛ ከሆነ ውጤቱን ያሳያት።

ዋጋው የሚወድቀውም ለዚሁ ነው። አልቢኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጅ የተረባው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ያኔ በሺዎች ዶላር ነበር የሚሸጠው፣ ዛሬ የት እንዳለ ከላይ ተጽፏል። አዲስ ሞርፍ የወጣ ሰሞን ጥቂት እጅ ላይ ነው፤ እነዚያ ሲያረቡት፣ የገዟቸውም ሲያረቡት፣ በየዓመቱ ይረክሳል። ሴቷ ለመጣል ወደ 1,500 ግራም መድረስና ሦስት ዓመት ገደማ መሙላት አለባት፤ የምትጥለውም ከ3 እስከ 11፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 እንቁላል ነው፣ በየዓመቱም ላትጥል ትችላለች። እንቁላሉ በ31 እና በ32 ዲግሪ መካከል 2 ወር ገደማ ይቀመጣል። ልጁ ዛሬ የገዛው ሞርፍ የመጀመሪያ ጫጩቶቹ ሲሸጡ ዋጋው የዛሬው አይሆንም፤ ሻጩም ገበያ ላይ ብቻውን አይሆንም።

አንድ ሳልጠቅሰው የማላልፈው፦ ስፓይደር የሚባለውን ሞርፍ ዋጋው ስለረከሰና መልኩ ስላማረ አትግዙ። ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል፣ ምግቡን ሊይዝ ሲወረወር ይስታል፣ ይገለበጣል፤ ከውስጠኛው ጆሮ አፈጣጠር ጉድለት ጋር የተያያዘና ከመልኩ የማይነጠል ነው። ሻጩ «የእኔ አይታይበትም» ቢል ገና አልታየበትም ማለት ነው።

ወሎዬ_ቨርጂኒያ፦

ከተገዛ በኋላ የሚመጣውን ስልክ አስቀድሜ ልመልስ፦ «አልበላም አለ»። ቦል ፓይተን በዚህ የታወቀ ነው። ቤት እንደገባ አንድ ሳምንት አይነካ፣ ምግብም አይቅረብለት። ከዚያ ማታ መብራት ጠፍቶ አይጡ ጭንቅላቱ ሞቆ በረጅም መቆንጠጫ ይቅረብለት፤ ካልወሰደ ሳምንት ጠብቁ። በየቀኑ መሞከር ጭራሽ ያስፈራዋል። በቀዝቃዛው ወቅት ያደገ ወንድ ለወራት ሊጾም ይችላል። መወሰኛው ሚዛኑ ነው፦ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ካልጎደለ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና መደበቂያው ጠባብ መሆኑን እያዩ መጠበቅ፤ ከጎደለ ሐኪም። በሕይወት ያለ አይጥ ገብቶ ማደር የለበትም፤ ያልራበውን እባብ አይጡ ይበላዋል።

የቦርከና_የእንስሳት_ሐኪም፦

ለአይጡ ደሴ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ከቤት ወይም ከእህል ጎተራ የተያዘ አይጥ አይሰጠው። መርዝ የበላ ሊሆን ይችላል፣ መርዙም ወደ እባቡ ያልፋል። ነጭ አይጥ ራሳችሁ አርቡ፤ አንድ ወንድ ለሦስት ሴት፣ እርግዝናው 3 ሳምንት ነው፣ ለአንድ እባብ ከበቂ በላይ ይሆናል። ሽታው ግን ከእባቡ ይብሳል፤ ግቢ ውስጥ ይሁን። የአንድ ቀን ጫጩትም ኮምቦልቻ አይጠፋም፣ አንዳንዱ እባብ ይወስደዋል፤ ለዘወትር ግን አይሆንም፣ ሰገራውን ያቀጥነዋል።

ጦሳ_ሥር፦

የተባለውን ሁሉ ለእህቴ ልኬላታለሁ። ወንድ፣ ተራ መልክ፣ ከአርቢ፣ ደረሰኝ ይዛ። ባለሥልጣኑን እኔ እጠይቃለሁ። ለሚዛኑ የኩሽና ሚዛን ይበቃል?

የቦርከና_የእንስሳት_ሐኪም፦

ይበቃል፣ 5 ኪሎ የሚይዝና 1 ግራም የሚለይ ይሁን። ፕላስቲክ ሳጥን አስቀምጠህ ዜሮ አድርገህ፣ እባቡን ከነሳጥኑ መዝነው። ያንን ሚዛን ግን እናትህ መልሳ ዱቄት እንዳትመዝንበት፤ ተሳቢ እንስሳ ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ጀርም ይይዛል። የውሃውንም ሳህን ዕቃ ማጠቢያው ላይ አትጠቡት።